ሰልፉን ከአንድ ጫፍ ብቻ መቁጠር

ለድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና መዘጋጀት ስጀምር ከአመክንዮ ክፍል ያስቸገሩኝ ረጃጅሞቹ ምንባቦች አልነበሩም። ያስቸገሩኝ በሁለት መስመር የሚያልቁት የተራና የደረጃ ጥያቄዎች ናቸው። «አልማዝ ከግራ 12ኛ፣ ከበደ ከቀኝ 18ኛ ናቸው። ቦታ ሲለዋወጡ አልማዝ ከግራ 25ኛ ሆነች። በሰልፉ ውስጥ ስንት ሰው አለ?» የሚሉት ዓይነቶች። አጭር ስለሆኑ ቀላል ይመስላሉ፤ ምርጫዎቹ ግን 41፣ 42፣ 43 እየተባሉ በአንድ ብቻ ይለያያሉ። በአንድ የሳተ ሰው የተሳሳተውን መልስ ተዘጋጅቶ ያገኘዋል፤ ስለዚህ በልበ ሙሉነት አጥቁሮት ያልፋል።

እዚህ ጎንደር አብረን የምናጠና ጓደኞቼ ለእያንዳንዱ ዓይነት ጥያቄ አንድ ቀመር ጽፈው ይሸመድዱ ነበር። እኔ ቀመሩ ከየት እንደሚመጣ ሳላይ መያዝ አልወደድሁም። የማውቀው ሰልፍ ፈለግሁ፤ ለጎንደር ልጅ ደግሞ ከነገሥታቱ የተሻለ ሰልፍ የለም። እ.ኤ.አ. በ1632 ከነገሡት ከዐፄ ፋሲል ጀምሮ ንግሥናቸው በ1769 እስካበቃው እስከ ኢዮአስ 10 ናቸው፦ ፋሲል፣ ጻድቁ ዮሐንስ፣ አድያም ሰገድ ኢያሱ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ቴዎፍሎስ፣ ዮስጦስ፣ ዳዊት፣ በካፋ፣ ቋረኛ ኢያሱ፣ ኢዮአስ። በአንድ መስመር ጽፌ ከደብተሬ ሽፋን ጀርባ ለጠፍኋቸው።

በካፋን እንያቸው። ከፊት ሲቆጠሩ 8ኛ፣ ከኋላ ሲቆጠሩ 3ኛ ናቸው። 8 እና 3 ሲደመሩ 11 ይሆናሉ፤ ነገሥታቱ ግን 10 ናቸው። ትርፉ አንድ ራሳቸው በካፋ ናቸው፤ ከሁለቱም ጫፍ ስንቆጥር ሁለት ጊዜ ቆጥረናቸዋል። የሁለቱን ተራ ደምሮ አንድ መቀነስ የሚባለው ቀመር ይኸው ነው። ገልብጠን ደግሞ ከኋላ 6ኛ ማን እንደሆነ ብንጠየቅ፣ ከ10 ላይ 6 ቀንሰን አንድ እንጨምራለን፤ 5ኛው ቴዎፍሎስ ናቸው። ይህን አንዴ በጣቴ እየነካሁ ከቆጠርሁ በኋላ አንድ መቀነስ ነው ወይስ አንድ መጨመር የሚለው ጥርጣሬ ለቀቀኝ።

ይችን አንድ ቁጥር ለመለማመድ የታክሲ ሰልፍም ጠቅሞኛል። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ለመሄድ ስሰለፍ «ከፊቴ ስንት ሰው አለ?» እና «ስንተኛ ነኝ?» የሚሉትን ለየብቻ እመልስ ነበር። ከፊቴ 7 ሰው ካለ እኔ 8ኛ ነኝ። ፈታኞች አንዱን ሰጥተው ሌላውን መጠየቅ ይወዳሉ፤ አንባቢው በችኮላ 7ኛ ብሎ እንዲያልፍ።

ቀመርን ብቻ መያዝ የት እንደሚጥል ያየሁት ከታናሽ እህቴ ጋር ስንሠራ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ በመልቀቂያ ፈተናው የአፕቲትዩድ ክፍልም ይህ ዓይነት ጥያቄ ስለሚያጋጥም ማታ ማታ አብረን እንቀመጣለን። በሁለት ሰዎች መካከል ስንት ሰው እንዳለ ለማወቅ ከጠቅላላው ላይ የሁለቱን ተራ ድምር መቀነስ እንደሚበቃ ተምራለች። ዮሐንስ ከፊት 2ኛ፣ ቋረኛ ኢያሱ ከኋላ 2ኛ ናቸው ስላት ከ10 ላይ 4 ቀንሳ 6 አለች፤ ትክክል ነው። ቀጥዬ በካፋ ከፊት 8ኛ፣ ቴዎፍሎስ ከኋላ 6ኛ ናቸው አልኋት። ከ10 ላይ 14 ቀነሰችና እርሳሷን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ከዜሮ በታች አራት ንጉሥ ምን ማለት ነው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀመሩ የሚሠራው ከፊት የተቆጠረው ሰው ከኋላ ከተቆጠረው ቀድሞ ሲቆም ነው። እዚህ ግን ከኋላ የተቆጠሩት ቴዎፍሎስ ከበካፋ ቀድመው ቆመዋል። ለዚህም ሌላ ቀመር አለ፤ ድምሩን ወስዶ ጠቅላላውንና ሁለትን መቀነስ። እኔ ግን እንድትይዘው አልፈለግሁም። ሁለቱንም ከፊት ቁጠሪያቸው አልኋት። ቴዎፍሎስ 5ኛ፣ በካፋ 8ኛ። በመካከላቸው 6ኛውና 7ኛው፣ ዮስጦስና ዳዊት አሉ። አለቀ። ጥያቄው ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች እያለ ቢቀላቅልም መጀመሪያ ሁሉንም ወደ አንድ ጫፍ መመለስ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ማስላት፤ ከዝግጅቴ ሁሉ የምተማመንበት ሥራ ይህ ነው።

የአልማዝና የከበደም በዚሁ ይፈታል። አልማዝ 25ኛ የሆነችው ከበደ በነበረበት ቦታ ስለቆመች ነው። ስለዚህ ያ አንዱ ቦታ ከግራ 25ኛ፣ ከቀኝ 18ኛ ነው፤ ተደምሮ አንድ ሲቀነስ 42። ከበደ አሁን ከቀኝ ስንተኛ ነው ቢባል እሱ የቆመው በአልማዝ የቀድሞ ቦታ፣ ከግራ 12ኛው ላይ ነው፤ ከ42 ላይ 12 ተቀንሶ አንድ ሲጨመር 31። ሰዎቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ ቦታዎቹ አይንቀሳቀሱም። እኔ የምከተለው ቦታውን ነው።

ቁጥር የሌላቸው የማወዳደር ጥያቄዎች ሌላ ትዕግሥት ይፈልጋሉ። «ሀ ከለ ይረዝማል፤ መ ከለ ይረዝማል፤ ሠ ከመ ያጥራል፤» ከሁሉም ረጅሙ ማን ነው? ብዙ ሰው ስሞቹን እንደ ተነበቡበት ቅደም ተከተል ከላይ ወደ ታች ይደረድርና ሀን ይመርጣል። እኔ ረጅሙን ከላይ እያደረግሁ በመስመር ብቻ አገናኛለሁ፤ ያልተነገረኝን መስመር አልስልም። በወረቀቱ ላይ ሀ እና መ ጎን ለጎን ቀርተው የሚያገናኛቸው መስመር ካልኖረ «በተሰጠው መረጃ ማወቅ አይቻልም» የሚለው ትክክለኛ መልስ ነው። ይህን ምርጫ የሰነፍ መውጫ አድርገው የሚንቁት አሉ፤ እኔ በፍጹም አልስማማም። የሚታወቀውን ከማይታወቀው መለየት የዚህ ክፍል ዋና ፈተና ነው። ደግሞ አጭሩ ማን ነው ቢባልም መልሱ ያው ነው፤ ለ እና ሠም አልተወዳደሩም።

በመጨረሻ የያዝሁት «ቢያንስ» እና «ቢበዛ» የሚሉትን ነው። አንዱ ከፊት 10ኛ፣ ሌላው ከኋላ 9ኛ፣ በመካከላቸው 3 ሰዎች አሉ፤ ሰልፉ ስንት ሰው ይይዛል? ማን እንደሚቀድም አልተነገረም፤ ስለዚህ ሁለት ሰልፍ አለ። እህቴ ይህን በሽምብራ ፍሬ ጠረጴዛ ላይ እየደረደረች ነው የገባት። ከፊት የተቆጠረው ከቀደመ ሁለተኛው 14ኛው ቦታ ላይ ይቆማል፤ ከእሱ ኋላ 8 ሰው ስላለ 22 ይሆናል። ሁለተኛው ከቀደመ ግን ቦታው 6ኛ ነው፤ 8 ሲጨመርበት 14። ቢበዛ 22፣ ቢያንስ 14 ማለት ነው። ጥያቄው ሁለቱንም ቃል ካልጠቀሰና ሁለቱም ቁጥሮች በምርጫው ውስጥ ካሉ፣ ማን እንደሚቀድም የሚናገር ሐረግ ሳላነብ አልፌ እንደሆነ ተመልሼ አያለሁ። ይህ ዓይነቱ ከሌሎቹ የበለጠ ጊዜ ስለሚወስድ በፈተናው ላይ ምልክት አድርጌ ወደ መጨረሻ አቆየዋለሁ፤ ስመለስበትም ሁለቱንም ሰልፍ በወረቀት ላይ እስላለሁ እንጂ በአእምሮዬ አላሰላውም።