የመጣው አፈር ምን ይዞ መጣ? የትሪ ፍተሻ

መጤ ተክል ሁሉ ወራሪ አይደለም። ጃካራንዳ የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በወራሪነት ተመዝግቧል፣ መሃል አዲስ አበባ ግን በብዛት የሚታየው በተተከለበት መንገድ ዳር ነው። ወራሪ የሚሆነው የሚበሉት ነፍሳት አገሩ የቀሩለት፣ ዘሩ ደጋግሞ የሚመጣና የተገለጠ መሬት ያገኘ ተክል ነው። ሁለቱን የምናሟላለት እኛው ነን፤ ቁፋሮ መሬቱን ይገልጣል፣ በአይሱዙ የሚራገፈው አፈርና ፍግ ዘሩን ያመጣል። ካዛንቺስም ሆነ ቀበና፣ አፈሩ ጓሮ ከመበተኑ በፊት መፈተሽ አለበት።

ከክምሩ አናት፣ መሃልና ሥር አንዳንድ ኪሎ ወስዶ መቀላቀል። ከሥሩ በተበሳ ትሪ ላይ ከ2 ሴንቲ ሜትር ሳያልፍ ማንጠፍ። ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፤ ከወፈረ የቅንጨ አረም (ፓርቲኒየም የሚባለው ወራሪ አረም) የታችኛው ዘር ሳይበቅል ያደፍጥና አፈሩ ንጹሕ ይመስላል። በየቀኑ በመርጫ ማርጠብ፣ ውሃ ማቆር ግን የለበትም። በ3 ሳምንቱ የበቀለውን ነቅሎ፣ አፈሩን ገልብጦ፣ ሌላ 3 ሳምንት መጠበቅ። አጠገቡ እሳት ላይ በደንብ የታመሰ አፈር ያለው ትሪ ይቀመጥ። እዚያም ያው ተክል ከበቀለ ዘሩ በነፋስ ወይም በወፍ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ሻጩ ጋር ለጠብ መሄድ አያስፈልግም።

ቅንጨ አረም በልጅነቱ ቅጠሉ የተሰነጣጠቀና መሬት ላይ የተነጠፈ ነው፣ አሪቲ ይመስላል። ጓንት አድርጎ ማሸት ይለያቸዋል፤ የአሪቲ ሽታ አያሳስትም። ቅንጨ በባዶ እጅ ከተነካ ቆዳ ያስቆጣል፣ አስምም ይቀሰቅሳል። በቅሎ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ያብባል፤ እያንዳንዷ ነጭ የአበባ ራስ እስከ 5 ዘር ትይዛለች፣ አንድ ትልቅ ተክል ከ10,000 በላይ ያፈራል። በማጭድ ማጨድ ልፋት ብቻ ነው፣ ከአንገቱ ያቆጠቁጣል። ሳያብብ፣ መሬቱ በራሰበት ቀን ከነሥሩ መንቀል። ያበበው ኮምፖስት ውስጥ አይገባም፤ የጓሮ ክምር ዘር ለመግደል የሚበቃ ሙቀት እምብዛም የለውም። በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ፣ አድርቆ ማቃጠል።

ለአጥር የሚተከለው ወራሪ፣ የወፍ ቆሎ (ላንታና)፣ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን የሚያዛምቱት ፍሬውን የሚበሉ ወፎች ናቸው። ማስወገድ ካልተፈለገ ፍሬው ሳይጠቁር አበባውን መከርከም ግድ ነው።