4 በመቶ ትንሽ ትመስላለች

ፕሮባቢሊቲ አብረን የጀመርን ልጆች፣ ሳንቲም እየወረወሩ መማር ስለሰለቸኝ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገብቻለሁ። የያዝኩት የብሪታንያን የቦምብ ጣዮች ዕዝ ነው። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው ቀላል ነው። አንድ ቡድን (በአንድ አውሮፕላን አብረው የሚበሩ ሰዎች) ዙሩን ጨረሰ የሚባለው 30 ግዳጅ ሲበር ነበር። በየሌሊቱ ከሚነሱት አውሮፕላኖች 4 በመቶው ሳይመለሱ ይቀራሉ እንበል። ለ1943 የተጋነነ ግምት አይደለም። 4ን በ30 አባዝቶ 120 በመቶ ማለት ግን አያስኬድም፤ አንድ ሰው ከአንዴ በላይ አይሞትም። የሚባዛው የመመለስ ዕድሉ ነው፦ 0.96 በራሱ፣ 30 ጊዜ። ኤክሴል ላይ 1000 ቡድን አስነሳሁ። ከ10 ግዳጅ በኋላ 665 ቀሩ፤ ከ20 በኋላ 442። 30ኛው ረድፍ ላይ 294 ብቻ።

ከዚያ አንድ መጥፎ ሌሊት አስገባሁ። ማርች 30 ቀን 1944 ማታ 795 አውሮፕላኖች ወደ ጀርመኗ ከተማ ኑረምበርግ ተነሱ። ጨረቃ ነበረች፤ የጀርመን የሌሊት ተዋጊ አውሮፕላኖች እንደ ልባቸው ሆኑ። 95ቱ አልተመለሱም፤ ወደ 12 በመቶ መሆኑ ነው። በእኔ ሰንጠረዥ ይቺ አንዲት ሌሊት የሦስት ሌሊት ያህል ሰው ትበላለች።

«ግን ልምድ ያለው ቡድን የተሻለ አይተርፍም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለቆቹም ለልጆቹ የሚነግሯቸው ይህንኑ ነበር። በ19 ዓመቱ ዕዙ ውስጥ የገባው የሒሳብ ሰው ፍሪማን ዳይሰን መረጃውን ሲፈትሽ ግን ልዩነት አላገኘም። በኋላ አንዱ ምክንያት ታወቀ፦ ጀርመኖቹ ሽቅብ የሚተኩስ መድፍ ገጥመው፣ ማንም በማያያቸው በኩል፣ ከቦምብ ጣዩ ሆድ ሥር ይመጡ ነበር። ያላዩትን ጠላት በልምድ ማምለጥ አይቻልም። ለእኔ ስሌት ይህ ጠቃሚ ነው፤ 0.96ን ከ1ኛው እስከ 30ኛው ግዳጅ ሳልነካካ ብተወው ያስኬዳል ማለት ነው።

በጣም ያናደደኝ የመውጫው በር ነገር ነው። ተመትቶ መውደቅና መሞት አንድ አይደሉም፤ በፓራሹት መዝለል አለ። ዳይሰን እንደጻፈው፣ ከተመቱ የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ግማሽ ያህሉ ሰው ይተርፍ ነበር። ከብሪታንያዎቹ ቦምብ ጣዮች ደግሞ፣ ከሃሊፋክስ ሩብ ገደማ። ከላንካስተር 15 በመቶ ገደማ። የላንካስተር የወለል በር ስፋቱ 22 ኢንች ሲሆን የሃሊፋክሱ 24 ነበር። ወፍራም የበረራ ልብስ ለብሰህ፣ ፓራሹት ታጥቀህ፣ አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ በጨለማ በዚያ ቀዳዳ ሹልክ በል! ላንካስተር ከምርጦቹ አንዱ ነው እየተባለ ሲሞገስ ይቺ ሁለት ኢንች አትነሳም።

ከእውነተኛው ቁጥር ጋር ሳነጻጽረው ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ከ125,000 ገደማ በራሪዎች 55,573 ሞተዋል፤ 44 በመቶ ነው። የኔ ሰንጠረዥ 70 በመቶ ይወድቃል ነበር ያለው። ክፍተቱ ይገባል፦ ከወደቁት ወደ 10,000 የሚጠጉ ተማርከዋል፣ ብዙዎችም ጦርነቱ ሲያልቅ ዙራቸውን አልጨረሱም ወይም ገና ሥልጠና ላይ ነበሩ።

አሁን የአሜሪካን 8ኛ አየር ኃይል ጀምሬያለሁ። እነሱ ዙሩን ከ25 ወደ 30፣ ከዚያ ወደ 35 አሳደጉት። ለበራሪዎቹ ክፉ ዜና ይመስላል። ኪሳራው ከ5 ወደ 2 በመቶ ወርዷል ብላችሁ ግን አስሉት፦ 25 ግዳጅ በ5 በመቶ 28 በመቶ ያተርፋል፣ 35 ግዳጅ በ2 በመቶ 49።