የተዘጉ ፋብሪካዎች ውስኪ ለምን እንዲህ ተወደደ?

ውስኪ ሲባል ለአብዛኞቻችን ብላክ ሌብል ነው። ሰርግ ላይ ጠረጴዛው መሀል የሚቀመጠው፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በፎጣ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ የሚከተው። እኔ ግን ለንደን ከከረምኩ ወዲህ ሌላ ነገር ትንሽ ይዞኛል (ባለቤቴ "ትንሽ" የምትለዋን ቃል አትቀበልም)። ስኮትላንድ ውስጥ የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ በራቸውን የዘጉ ፋብሪካዎች ያወጡት ውስኪ። አንዱ ጠርሙስ ዛሬ በሺዎች ፓውንድ ይሸጣል። ለምን? ጣዕሙ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

ውስኪ በሕጉ ቢያንስ ሦስት ዓመት በኦክ በርሜል መተኛት አለበት፤ ጥሩ የሚባለው አሥርም አሥራ ሁለትም ዓመት ይተኛል። ስለዚህ ፋብሪካው ዛሬ ምን ያህል ላውጣ ብሎ ሲወስን፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ስንት ሰው ይጠጣል ብሎ እየገመተ ነው። በ1970ዎቹ ገበያው ያድጋል ብለው ገመቱና ሌት ተቀን አወጡ። ግምቱ ከሸፈ። የነዳጅ ዋጋ ናረ፣ ኢኮኖሚው ተንኮታኮተ፣ ወጣቱ ወደ ቮድካና ወደ ነጭ ወይን ዞረ። መጋዘኑ ሁሉ ከመሙላቱ የተነሳ በእንግሊዝኛው የውስኪ ሐይቅ የሚል ስም ወጣለት።

ከዚያ መዝጋት መጣ። ዲስቲለርስ ካምፓኒ የሚባለው ግዙፍ ድርጅት በ1983 ብቻ ከአሥር በላይ ፋብሪካ ዘጋ፣ በ1985 ደግሞ ቀጠለበት። አይላ ደሴት ላይ ፖርት ኤለን ተዘጋ፤ ድርጅቱ እዚያው ደሴት ላይ ካኦል ኢላና ላጋቩሊን ነበሩት፣ ሦስተኛ አላስፈለገውም። በሰሜን በኩል ብሮራ ተዘጋ፤ አጠገቡ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተሠራው አዲሱ ክላይንሊሽ ስለነበር።

እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። ያኔ እነዚህን ውስኪዎች በስማቸው የሚያውቃቸው ሰው እምብዛም አልነበረም። የሚመረቱት ለድብልቅ ነው፤ ማለትም ከሌሎች ብዙ ውስኪዎች ጋር ተቀላቅለው እንደ ጆኒ ወከር ያለ ስም ይለጠፍባቸዋል። ብሮራ በ1969 ጭስ ጭስ የሚል ውስኪ ማውጣት የጀመረውም ለዚሁ ነው። የጭሱ ጣዕም የሚመጣው ከረግረግ ተቆርጦ በሚደርቅ ፒት በሚባል አፈር እሳት ላይ ብቅሉን ከማድረቅ ነው፣ የአይላ ደሴት ዋና መታወቂያም ይኸው ነው። በዚያን ሰሞን ከአይላ የሚመጣው ለድብልቁ አልበቃ ስላለ ብሮራ ጎደሎውን እንዲሞላ ተደረገ። ስለዚህ ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ጆኒ ወከር በሶዳ ይጠጡ የነበሩ አባቶቻችን፣ ዛሬ ሀብታም በመለኪያ የሚቀምሰውን ብሮራ ምናልባት ሳያውቁት ሲጨልጡት ኖረዋል። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

የተዘጉት ፋብሪካዎች ሕንፃዎች የደረሰባቸው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ኢንቨርነስ ከተማ ግሌን አልቢንና ግሌን ሞር ፈርሰው ቦታው የገበያ ማዕከል ሆነ። ሴንት ማግደሊን አፓርታማ ሆኖ ሰው ይኖርበታል። ዳላስ ዱ ሙዚየም ሆነ። ሊትልሚል በ1994 ማምረት አቆመ፣ ፈረሰ፣ የቀረውንም በ2004 እሳት በላው። ባንፍ ግን ከመዘጋቱ በፊትም መከራው ብዙ ነበር፦ በ1941 የጀርመን አውሮፕላን መጋዘኑን ቦምብ ሲጥልበት ውስኪው ወደ ወንዙ ፈሶ፣ ላሞቹ ጠጥተውት መቆም ስላቃታቸው የሚያልባቸው ጠፋ ይባላል።

ፋብሪካው ሲዘጋ በርሜሎቹ መጋዘን ውስጥ ቀሩ። ዋጋውን የሠራው እነሱ ናቸው። ከበርሜል በየዓመቱ ሁለት በመቶ ገደማ ይተናል፣ የመላእክት ድርሻ ይሉታል። አልኮሉም እዚያ አገር አየር ውስጥ እየወረደ ይሄዳል፤ ከ40 በመቶ በታች ከሆነ ውስኪ ተብሎ መሸጥ አይችልም። ስለዚህ ባለቤቱ ዝም ብሎ ማቆየት አይችልም፣ ጠርሙስ ውስጥ መክተት አለበት፤ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ ደግሞ ዕድሜው እዚያው ይቆማል። የፖርት ኤለን ዓመታዊ ሽያጭ በ2001 ሲጀመር ገንዘብ ያለው ተራ ሰው ሊገዛው ይችል ነበር። አሁን የሚገዛው በአብዛኛው የማይጠጣው ሰው ነው። ጨረታ ላይ ይገዛል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል፣ ሌላ ጨረታ ላይ ይሸጣል። ገንዘብ ባለበት አጭበርባሪ አይጠፋምና በ2018 አንድ የስኮትላንድ ላቦራቶሪ የ55 ብርቅዬ ውስኪዎችን ዕድሜ በካርቦን መርምሮ 21ዱ ሐሰተኛ ወይም ተመረቱ በተባለበት ዓመት ያልተመረቱ ሆነው አገኛቸው። ባዶ ጠርሙስ ኢንተርኔት ላይ ውድ ዋጋ የሚያወጣው ለጌጥ ብቻ አይመስለኝም።

ጣዕሙስ? ሁሉም ያን ያህል አይደለም። በጣም ያረጀው ብዙ ጊዜ እንጨት እንጨት ይላል፤ ከአርባ ዓመት በኋላ የምትጠጣው በርሜሉን ነው። ተዘግቶ የነበረው ሮዝባንክ ግን የምር ነው። ኤዲንብራ ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር ለሁለት አንድ መለኪያ ገዝተን ቀምሰነዋል፤ ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ ቤት ውስጥ የሚያነብ አለ። ቀላል፣ አበባ አበባ የሚል፣ ጉሮሮ ላይ የማይቧጥጥ። የስኮትላንድ ውስኪ በአብዛኛው እንደ ዳግም አረቄ ሁለት ጊዜ ነው የሚወጣው፣ ሮዝባንክ ግን ሦስት ጊዜ ያወጣው ነበር። ፎልከርክ አጠገብ፣ ቦይ ዳር ያለ ፋብሪካ ነው። በ1988 ባለቤቶቹ ከየክፍለ ሀገሩ አንድ አንድ ሲንግል ሞልት (ከአንድ ፋብሪካ ብቻ የወጣ የብቅል ውስኪ) መርጠው ሲያስተዋውቁ፣ ሮዝባንክ ካለበት ከዝቅተኛው አገር (ሎውላንድ) ግሌንኪንቺን መረጡ፣ ሮዝባንክ በ1993 ተዘጋ። በኋላ ሌባ ገብቶ የመዳብ ጋኖቹን ሳይቀር ወሰዳቸው። ሌላ ድርጅት በ2017 ገዝቶት፣ ጋኖቹን በድሮው ንድፍ አሠርቶ፣ በ2023 እንደገና ማውጣት ጀመረ።

ሮዝባንክ ብቻውን አይደለም። የዲስቲለርስ ካምፓኒ ወራሽ የሆነው ዲያጂዮ (አዎ፣ ያ ሜታ ቢራን በ2012 ገዝቶ ከአሥር ዓመት በኋላ ሸጦ የወጣው ዲያጂዮ) ብሮራን በ2021፣ ፖርት ኤለንን በ2024 ከፍቷል። ለሁለቱም 35 ሚሊዮን ፓውንድ መድቦ ነበር። መከፈታቸው ጥሩ ነው፣ ሰው ሥራ አገኘ። የድሮው ጠርሙስ ዋጋ ይወርዳል ብሎ የጠበቀ ካለ ግን አዲሱና የድሮው አንድ ዕቃ አይደሉም፣ ሰብሳቢዎቹም እንደ አንድ አያዩአቸውም።

ጣዕሙ ነው የሚሉኝን ሰዎች አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። በዚያው በ1983፣ ያው ድርጅት ከዘጋቸው መካከል ኖክዱና ቤንሮማክ አሉ። ኖክዱ በ1989፣ ቤንሮማክ በ1998 ተከፈቱ። ሁለቱም ዛሬ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አሉ፣ ዋጋቸውም የሰው ዋጋ ነው። ቶሎ ተከፍተው ባይሆን ኖሮ ስለ እነሱም ይህን ሁሉ እጽፍ ነበር። ብሮራን መቅመስ ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ጎረቤቱን ክላይንሊሽ 14 ዓመቱን ነው። ጭሱ የለውም፣ ያ ሰም ሰም የሚል ቅባቱ ግን አለ፤ ለመግዛትም ብድር አያስፈልግም።