ጅቡ መርካቶ የሄደበት ተረት

ኮዬ ፈጬ በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም የሕንፃችን ትንንሽ ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደረጃው ሥር ተሰብስበው ተረት በጋራ መፍጠር ከጀመሩ ወዲህ፣ ስለዚህ ጨዋታ የማስበው እየበዛ በመምጣቱ ጥቂቱን ለመጻፍ ወሰንሁ።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሆናቸው ልጆች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ «ተረት ተረት» ስል «የላም በረት» ብለው ይመልሱልኛል፤ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ተናግሬ አንዲት ጠጠር በቀኜ ላለው ልጅ አቀብላለሁ፤ እርሱም አንድ ነገር ጨምሮ ያሳልፋታል። ልጆቹ ሲበዙ ተራ መጠበቅ ያሰለቻቸዋልና ሁለት ቦታ መክፈል ይሻላል። የእኔ ትውልድ ተረት የሰማው በአብዛኛው ከቴሌቪዥን፣ ከአባባ ተስፋዬ ሳህሉ አንደበት ነበር፤ እርሳቸውም ለ40 ዓመታት ያህል ለልጆች ተረት ነግረዋል። እኔ ደግሞ ልጆቹ ከመስማት አልፈው ራሳቸው ተራች እንዲሆኑ እሻለሁ።

የአራት ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ ታሪኩን የሚያያይዘው «ከዚያ» እያለ ነው፤ ጅቡ መጣ፣ ከዚያ በላ፣ ከዚያ ተኛ። ወደ ስድስት ዓመት የተጠጋችው ግን ጅቡ የተኛው ስለጠገበ መሆኑን ትናገራለች፤ ትንሹም አጠገቧ ሲቀመጥ አነጋገሯን ይቀስማል። ስለዚህ ልጆቹን በዕድሜ ለያይቶ ማስቀመጥን አልደግፍም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጠጠሯ ስትደርሰው ዝም የሚለው ልጅ ነው። ጓደኞቹ «ቶሎ በል!» ሲሉት አንገቱን ይደፋል፤ ትልቅ ሰው የሚለውን ቢነግረው ደግሞ ተረቱ የትልቁ ሰው ይሆናል። መፍትሔውን ያገኘሁት ከእንቆቅልሽ ነው። በእንቆቅልሽ መልሱ የጠፋው ሰው «አገር ስጠኝ» ሲባል አገር ይሰጣል፤ ጨዋታውም ይቀጥላል። እኛም የሚለው ያጣ ልጅ አገር እንዲሰጥ፣ ተረቱም ወዲያውኑ ወደዚያ አገር እንዲሄድ ተስማማን።

ባለፈው ቅዳሜ ከሁሉም የሚያንሰው ልጅ ጠጠሯን በሁለት እጁ ጨብጦ ረዘም ላለ ጊዜ ከቆየ በኋላ «መርካቶ» አለ። ጅቡ በዚያን ጊዜ አንዲት ግልገል እያሳደደ ነበር። ቀጣይዋ ልጅ ምንም ሳታመነታ ሁለቱንም ታክሲ ውስጥ አስገባቻቸው፤ ከእርሷ የተቀበለው ልጅ ረዳቱን «ሂሳብ!» አሰኘው፤ ጅቡም ገንዘብ ስላልነበረው መንገድ ላይ ወረደ፣ ግልገሏም አመለጠች። «መርካቶ» ያለው ልጅ ይህን ሁሉ አፉን ከፍቶ ሲሰማ ቆይቶ፣ ጠጠሯ ዞራ ስትመጣ ማንም ሳይጠይቀው «ግልገሏ ለእናቷ ሙዝ ገዛች» አለ።

አንዳንድ ወላጆች ጅቡ ልጆቹን ስለሚያስፈራቸው ቢቀር ይሻላል ይላሉ። በእኔ እምነት ግን፣ እዚህ ሰፈር ሌሊት ጅብ ሲጮህ የሚሰማ ልጅ ያንኑ ጅብ በቀን ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሂሳብ ቢያስከፍለው ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። ወላጆችን የምለምነው ልጁ ማታ ተረቱን ሲደግምላቸው «ጅብ ታክሲ አይሳፈርም» ብለው ከማረም ይልቅ «ከዚያስ?» ብለው እንዲጠይቁት ነው።