ከበቾ እስከ ቆቃ፣ አዋሽን ተከትለን

ጥርን የመረጥነው ሆን ብለን ነው። ክረምት ላይ አዋሽ ሞልቶ ይደፈርሳል፣ ምኑ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። በጋ ላይ ውኃው ሲያንስ ግን የገባበት ነገር ሁሉ ለዓይንም ለአፍንጫም ይለያል። አብሮኝ የሄደው ጓደኛዬ የዚያው አካባቢ ልጅ ስለሆነ ኦሮምኛውን እየተረጎመልኝ ነው የተጓዝነው።

አዋሽ ጊንጪ አካባቢ ከደጋው ይነሳና 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አፋር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ባሕር አይደርስም። የጫንበት ሁሉ እዚሁ ከእኛው ጋር ይቀራል ማለት ነው።

ተፍኪን አልፈን በቾ ሜዳ ላይ ወረድን። ጥቁሩ አፈር በፀሐይ ተሰነጣጥቋል። ጤፉ ተሰብስቧል። ወንዙ ዳር ግን ሁሉም ሽንኩርት ነው፤ የውኃ ሞተሮቹ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ማሳው እስከ ወንዙ ከንፈር ድረስ ታርሷል። አንድ እርምጃ እንኳ አልተረፈም።

«አባባ፣ ለምን ትንሽ ራቅ አይሉም?» አልኳቸው አንዱን አዛውንት።

«መሬቱ የታለ ልጄ? ለልጆቼ አካፍዬ የቀረችኝ ይቺው ናት።»

ምን ይባላል? ክረምት ሲመጣ ዳሩ እየተናደ ይገባል፤ አፈሩ ብቻውን አይሄድም። ዩሪያው በውኃ ሟሙቶ ይፈሳል። ኤንፒኤስ በሚባለው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ደግሞ አፈሩን ሙጭጭ ብሎ ስለሚይዝ አብሮት ይወርዳል። ገበሬው በውድ የገዛውን ማዳበሪያ ነው ወንዙ የሚወስድበት። ከእሳቸው ማሳ ቀጥሎ ያለው ጎረቤት ግን ዳሩን ለቆ ደሾ ሳር ተክሎበታል። ሳሩን እያጨደ ለላሞቹ ይሰጣል፣ የእሱ ዳር አልተናደም። አዛውንቱም አይተውታል። «ዘንድሮ እኔም ከሱ ሥሩን እወስዳለሁ» አሉኝ። ደስ አለኝ። እዚያው ሞተሩ አጠገብ ግን ባዶ የፀረ ተባይ ጠርሙሶች ተጥለው ነበር። አንዱ ታጥቦ የመጠጥ ውኃ ተሞልቶበታል። ጓደኛዬ ይህን ሲያይ ቁጭ ብሎ እዚያ ለነበሩት ልጆች አደጋውን ደጋግሞ አስረዳቸው።

መልካ ቁንጡሬ ላይ ብዙም አልቆየንም። በ2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የቅድመ ታሪክ ቦታ ከወንዙ አፋፍ ላይ ነው። እስከዚህ ድረስ አዋሽ በዋናነት የገበሬ ወንዝ ነው። የአዲስ አበባን ሸክም ይዞ የሚመጣው አቃቂ የሚቀላቀለው ከዚህ በታች ነው።

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከተማውን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ። ሽታው ሳንደርስ ተቀበለን። የግድቡ ሐይቅ ላይ እምቦጭ ተኝቶበታል። ቃሊቲ ላይ ትልቅ የፍሳሽ ማጣሪያ አለ፣ የሚያጣራውም ብዙ ነው። ከመስመሩ ጋር ያልተገናኘው ቤት ፍሳሽ ግን በየጅረቱ አድርጎ እዚህ ይደርሳል። በበጋ ዝናብ ስለሌለ የሚያቀጥነው ነገር የለም። መስኖ የሚጠጣውም በዚሁ ወቅት ነው።

ከዚህ ውኃ ቆስጣና ጥቅል ጎመን የሚያጠጣ ወጣት አገኘን። በባዶ እግሩ ቦዩ ውስጥ ቆሟል። «ይሄ ውኃ እኮ ማዳበሪያ አያስፈልገውም» አለን። እውነቱን ነው፤ የሰው ዓይነ ምድር ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የሞላበት ነው። ግን የወስፋትና የመንጠቆ ትል እንቁላልም ይዟል። ከፋብሪካ የሚለቀቀው እንደ ክሮሚየም ያለ ብረት ደግሞ በአፈሩ ውስጥ ይከማቻል፤ በአቃቂ ዳር አትክልቶች ውስጥ ተለክቶም ተገኝቷል። ይህን ልጅ ወንዝ አበላሸ ብሎ መክሰስ ግፍ ይመስለኛል። ከተማው የለቀቀበትን ውኃ አትክልት አድርጎ ለከተማው እየመለሰ ነው። ቢያንስ ቦቲ ጫማ ያስፈልገዋል። ሰላጣና ጎመኑም ከላይ በባልዲ ከሚረጭ በቦይ ቢጠጣ፣ ከመታጨዱ በፊትም ውኃው ለጥቂት ቀን ቢቋረጥ ቅጠሉ ላይ የሚቀረው ጀርም ይቀንሳል።

ቆቃ ስንደርስ የውኃው ቀለም አስደነገጠኝ። አረንጓዴ ነው፤ ዳር ዳሩን ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል። ግድቡ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የታሰበው ለመብራት ነበር። አሁን የበቾው አፈር፣ የአዲስ አበባ ፍሳሽ፣ በሞጆ ወንዝ የሚመጣው የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ ሁሉ እዚህ ይቆማል። ውኃ ሲቆምና ፀሐይ ሲያገኝ፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስም ሲበዛለት ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ይፈላበታል። አንዳንዱ አልጌ ጉበት የሚጎዳ መርዝ አለው። መርዙ በማፍላት አይጠፋም! ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ውኃ አፍልቶ ለልጁ የሚሰጥ ወላጅ የሚችለውን ሁሉ ያደረገ ይመስለዋል።

ታዲያ ጉድጓድ አይቆፈርም ወይ? ይቆፈራል። በስምጥ ሸለቆ ግን ከመሬት የሚወጣው ውኃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ ጥርስ ያበልዛል፣ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። ስለዚህ ንጹሕ ጉድጓድ ያለበት ቦታ ተመርጦ ውኃው በቧንቧ ወደ መንደር መምጣት አለበት።

ያነጋገርናት እናት የሚጠጣውን ብቻ ከቦኖ በጋሪ ታስመጣለች። ለወጥና ለልብስ የሐይቁን ትጠቀማለች። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ቦኖው ይዘጋል። ያን ቀን ለመጠጥም ሐይቁ ነው። የፍሳሽ ማጣሪያውን ከማስፋፋትም ሆነ ወንዝ ዳር ሳር ከመትከል በፊት ለዚያ ፓምፕ ጄኔሬተር ወይም ሶላር ቢገባለት እላለሁ። ማጣሪያውም ሳሩም ዓመታት ይፈልጋሉ። ልጆቿ ግን ዛሬም ይጠማቸዋል።