ስንት ኪሎ ናት?

ልጄ ራሷን ሲያማት ቤታችን በሐኪም ይሞላል። አያቷ ዳማከሴ ጨምቀው ግንባሯን ይቀቧታል፤ በዚህ ጠብ የለኝም፣ ሽታውም ደስ ይላል። ጎረቤት «ግማሽ አስፕሪን ስጧት» ሲል ግን እምቢ አልኩ። አስፕሪን ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሐኪም ካላዘዘ አይሰጥም፤ ከጉንፋንና ከመሳሰለው የቫይረስ ሕመም ጋር ሲገጥም ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ፣ ሬይ የሚባል ብዙ የማያጋጥም ግን ክፉ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ከአዋቂ የተረፈ ትራማዶል የሚባል ጠንካራ ማስታገሻማ ጭራሽ አይታሰብም።

ፒያሳ ወዳለ መድኃኒት ቤት ስሄድ ባለሙያዋ ዕድሜዋን ሳትጠይቅ «ወንድሜ፣ ስንት ኪሎ ናት?» አለችኝ። ቁም ነገሩ ይኸው ነው። ፓራሲታሞል ለአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ይሰጣል፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት እየቆየ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳያልፍ። ልጄ 20 ኪሎ ስለሆነች ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም ይበቃታል። ባለሙያዋ ሁለት የሽሮፕ ጠርሙስ አውርዳ ጽሑፋቸውን አስነበበችኝ፤ አንዱ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም፣ ሌላው 250። ከመጀመሪያው 10 ሚሊ ሊትር ብሰጣት 240 ነው፤ ከሁለተኛው ያንኑ ያህል ብቀዳ 500! ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱን ሳላነብ አልቀዳም፤ የምለካውም በሻይ ማንኪያ ሳይሆን በመርፌ አልባ ስሪንጅ ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ታይሌኖልም አሴታሚኖፌን ቢልም ያው ፓራሲታሞል ነው። ሁለቱን መደረብ ጉበት ላይ መፍረድ ነው።

አይቡፕሮፌን የሚባለው ሌላ ማስታገሻ ሁለተኛ ምርጫዬ ነው፤ ምግብ ከበላች በኋላ ብቻ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለባት አልሰጣትም፤ ሰውነቷ ውሃ ባነሰው ጊዜ ኩላሊቷን ይጎዳል።

ሕመሙ የሚነሳበትን ቀን በደብተር ስጽፍ ግን አብዛኛው ቁርስ ሳትበላ የሄደችበት ሆኖ አገኘሁት። አሁን በቅድሚያ ውሃ፣ ምግብና ዕረፍት ነው። ማስታገሻ በየሳምንቱ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ ካስፈለጋት ወደ ሐኪም እንሄዳለን፤ ማስታገሻው ራሱ ሲደጋገም ራስ ምታት ያመጣልና።

አንገቷ ደርቆ አልታጠፍ ካለ፣ ጠዋት ጠዋት ካስመለሳት፣ ሕመሙ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳት ወይም ጭንቅላቷን ከተመታች በኋላ ከጀመራት ሽሮፕ ፍለጋ ጊዜ ሳላጠፋ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው። ከደምቢያ ወይም ከመተማ ተመልሳ ትኩሳት ከያዛት ደግሞ የወባ ምርመራ በዚያው ቀን።