ይሄ ዋርካ ስንት ጆንያ ይወጣዋል?

ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ጥርሴን ስፍቅ ትዝ ይለኛል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ትዝ ይለኛል። ማታ ትራሴን ገልብጬ ስተኛም እዚያው ነው። «አሥራ ሁለት ጆንያ።»

የምስለው በከሰል ነው። እኛ ሰዓሊዎች ቻርኮል የምንለው ዋጋው ከበድ እንዲል ነው እንጂ ያው ከሰል ነው። ዛፍና ከተማ እስላለሁ። ያለፉትን ሦስት ወራት አንድ ዋርካ ላይ ተጣብቄ ከረምኩ። ስዕሉ በቁመት ይበልጠኛል። ቅርፊቱን፣ ስንጥቁን፣ ቅጠል ቅጠሉን ስለቅም ትከሻዬ ተይዞ ወጌሻ ጋ ሄጃለሁ።

እሁድ መብራት ጠፋ። እሱን እንለፈው። ከጎኔ ያሉት እማማ ኮሪደሩ ላይ ከሰል አያይዘው ቡና ጠሩን። እኔም አቦሉን ፉት ብዬ «እማማ፣ የዛሬውስ ልዩ ነው» አልኩ።

«ባንተ ከሰል ነዋ የተፈላው!»

ለካ በሬን ክፍት ትቼ ሱቅ ስወርድ ገብተው፣ ጠረጴዛዬ ላይ የነበሩትን 25 ቀጫጭን ከሰሎች ለማቀጣጠያ ወስደዋል። የአኻያ ከሰል ነው፤ አየር በማይገባው ዕቃ ታፍኖ የከሰለ። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን በሻንጣ ነው ያመጣችልኝ። እማማ ገመገሙት፦ «ቶሎ ይያያዛል፣ ግን አይበረክትም።»

በእሳቸው አልፈርድም። የሰፈራችን ከሰል ሻጭ ከላይ ድንቡሽ ድንቡሹን ይደረድርና ከሥር ድቃቂ ይሞላል። ባለፈው አንድ ማዳበሪያ ገዝቼ ስዘረግፈው ግማሹ አፈር ነው። በዚያ ላይ ክረምት ነው፣ እርጥብ ነው። ስመለስ ደግሞ «አንተ ሰዓሊ አይደለህ? ድቃቂው ምን አነሰህ?» አይለኝም!

እሺ፣ ሳቅሁ። ቶና ላይ ግን አንዱ ጎረቤት «እስቲ ስዕሉን አሳየን» አለ። ይሄን ስጠብቅ ሦስት ወር ሆኖኛል። ዋርካውን በጥንቃቄ አውጥቼ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። ሁሉም ጸጥ አለ። ልባቸው ተነካ ብዬ ነበር።

እማማ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩት። ያደጉት ከሰል ከሚከሰልበት አገር ነው።

«አሥራ ሁለት ጆንያ ይወጣዋል።»

«ኧረ እማማ!» አሉ ምድር ቤት ያሉት ጋሼ። አሁንስ ተከበርኩ አልኩ። «ዋርካ እንጨቱ ቀላል ነው፣ ጭስ ብቻ! ስድስት ከወጣው ትልቅ ነገር ነው።»

«ይቺ ቅርንጫፍ ብቻ ሦስት ትሆናለች» አሉ እማማ። ጣታቸውን ስዕሉ ላይ አሳረፉ። ከሰሉ እንዳይለቅ የሚነፋውን ማጣበቂያ (ፊክሳቲቭ) ገና አልነፋሁበትም።

ጨረታ ሆነ። አንዱ ሥሩም ይቆጠር አለ። ሌላው ሥር የሚያወጣ የለም፣ ጉልበቱ አይከፍልም አለ። የሦስተኛ ፎቋ ልጅ ስልኳን አውጥታ በዛሬ ገበያ አባዛችውና «ከስዕሉ ዋጋ ይሻላል» አለች። ዋጋውን ባለፈው ጠይቃኝ ነግሬያት ነበር። በመጨረሻ ከነሥሩ በዘጠኝ ተስማሙ።

ሰዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በከፈቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ስለ ጥላና ብርሃን ስንት ተማርኩ። ስለ ጆንያ የነገረኝ የለም።

ጋሼ የታመመውን ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «ልጄ፣ ምነው ግራር ብትስል?» አሉኝ። «ካልሆነም ባሕር ዛፍ። ምኒልክ ያስመጡት እኮ ለማገዶ ነው።»

ወሬ ለማስቀየር የፒያሳውን አሮጌ ሰፈር፣ የዶሮ ማነቂያን ስዕል አወጣሁ። በ2016 ሳይፈርስ ቆሜ የሳልኩት ነው፤ ጣሪያው በጣሪያ ላይ የተደራረበ። እማማ በረጅሙ ተነፈሱ። እንባ ሊመጣ ነው።

«ቆርቆሮውን ግን ማን ወሰደው?»

ትናንት ባለ ሦስት ጆንያዋ ቅርንጫፍ ላይ የቀረውን የእማማን ጣት በዳቦ ልብ ስለቅም (ከሰል በዳቦ ይለቃል) በር ላይ ደረሱብኝ። «በእህል?! አንተ ልጅ፣ ግፍ አትፈራም?» ዳቦውን ከእጄ ነጥቀው ስመው አስቀመጡት። የአኻያ ከሰሌን ያነደዱት እኚሁ ሴትዮ ናቸው።

ዛሬ ጠዋት ግራር ጀምሬያለሁ። ትንሽዬ ናት። አራት ጆንያ ቢወጣት ነው።